ሎግያ ድረስ የተሸከምኩት መድኃኒት

ከሎግያ ከተመለስኩ አራተኛ ሳምንቴ ነው። ደብረ ብርሃን ጉም ውስጥ ገብታለች፤ እኔም ጋቢ ደርቤ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሰፈር ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ መንገዱስ እንዴት ነው እያለ ይጠይቀኛል። ሙቀቱን እነግራቸዋለሁ። ወንድሜ ቤት ያደረግሁትን ግን ለማንም በአፌ አልተናገርኩም። እዚህ ከመንገዱ ጋር አብሬ አስቀምጠዋለሁ።

አስቀድሜ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ግራ ዓይኔን ከውስጥ አንድ ነገር ወደ ውጭ የሚገፋው መሰለኝ። ዓይኔ ቀላ፣ እንባው ወረደ፣ አፍንጫዬ በዚያው ወገን ብቻ ፈሰሰ። መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ፤ ግድግዳ ለግድግዳ ስዞር አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሕመሙ እንዳመጣጡ ሄደ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጣ ጀመር፤ አንዳንድ ቀን አምስት ጊዜ። ሳይነስ ነው ተብዬ ታከምኩ። ጥርስ ነው ተብዬ ሦስት ደህና ጥርሶቼ ተነቀሉ። ዋግምት ታገምኩ፣ ጸበል ተጠመቅሁ። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድ የነርቭ ሐኪም ታሪኬን ሳልጨርስ ስሙን ነገረኝ። ክላስተር የሚባል የራስ ምታት ነው፤ እንደኔ ፋታ የማይሰጠውን ደግሞ ሥር የሰደደ ይሉታል።

«አንድ መድኃኒት ብቻውን አይበቃህም» አለኝ። «አጣምረን እንሞክራለን።»

በየቀኑ የሚዋጥ ቬራፓሚል የሚባል ኪኒን፣ ማጅራት ላይ የሚወጋ መርፌ፣ ሕመሙ ሲነሳ ደግሞ በጭንብል የሚሳብ ኦክስጅን አዘዘልኝ። እያንዳንዱን ለየብቻ ሞክሬው ነበር፤ ግማሽ መንገድ እንኳ አላደረሰኝም። ሦስቱ ሲገናኙ ሕመሙ እየሳሳ ሄደ። ከዚህ ጉዞ በፊት አራት ወር ሙሉ አልነካኝም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አበራ በጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ይኸው ሕመም እሱን ከኔ ስድስት ዓመት ቀድሞ ይዞት ነበር፤ እኔ አላወቅሁም። የዛሬ ሰባት ዓመት እናታችን ስትሞት ለቀብሩ መጣ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ተነሳና ዓይኑን በመዳፉ ይዞ ይንጎራደድ ጀመር፤ ከዚያ የድንኳኑን ቋሚ እንጨት በግንባሩ መታው። ዓይኑ እንደ ፍም ቀልቷል። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ በክንዱ ጎትቼ ከግቢ አስወጣሁት። «እናትህ ሳትቀበር ጠጥተህ መጣህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ አሞኝ ነው» አለኝ። በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ ቀን ወዲያ ደብረ ብርሃንን አልረገጠም። ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ ራሴ ግንባሬን ከግድግዳ ሳጋጭ ነው የገባኝ። እንደገባኝም ልሄድ ይገባ ነበር፤ ግን አራት ዓመት አፈርኩ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ተነሳሁ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ለአበራ የሚሆን የሁለት ወር ኪኒን፣ የማጅራቱ መርፌ፣ አንድ ጭንብልና ኦክስጅኑ ላይ የሚገጠም መለኪያ ነበረ። ሐኪሙ «ልቡ በኢሲጂ ሳይታይ አንድ ፍሬ እንዳይውጥ» ብሎ አስጠንቅቆኛል። የኦክስጅን ሲሊንደር በአውቶቡስ ስለማይጫን እሱን እዚያው አገኛለሁ ብዬ ነው።

መናኸሪያው በር ላይ ፈታሹ መለኪያውን አውጥቶ አገላበጠው።

«ይሄ የምንድነው?»

«የመተንፈሻ ነው።»

ፊቴን አየኝ። «አሁን እየተነፈስክ አይደል?» አለኝ። የሐኪም ወረቀት እስካሳየው ድረስ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ።

ከአዳማ ወዲያ ሹራቤን አወለቅሁ። መተሐራ ልንደርስ፣ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ፣ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ወርደን የአውቶቡሱ ጥላ ሥር ተደረደርን። ውሃው እስከ መንገዱ አፋፍ መጥቷል፤ ግን ጨዋማ ነው፣ ፊት መታጠቢያ እንኳ አይሆንም አሉ። ለስኳር እርሻው ሥራ የሚሄድ አንድ የጎጃም ሰው ጋቢውን መሬት ላይ አነጠፈና «ና እዚህ ቁጭ በል» አለኝ። ደብረ ብርሃን ጋቢ የሚለበሰው ለብርድ ነው፤ እሱ ከአገሩ ለብሶት የወጣው ጋቢ እዚህ ምንጣፍ ሆኗል። ጎማው እስኪቀየር ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ የቀኑን ኪኒኔን የምውጥበት ሰዓት አለፈኝ። ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

አዋሽ ሰባት ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት እትዬ ብዙነሽ የሚባሉ ሴት ናቸው። የክፍሉን ቁልፍ ስጠይቅ ሳቁ።

«ውስጥ ልትተኛ ነው? ትቀቀላለህ።»

የብረት አልጋ ግቢው መሃል አስወጡልኝ። እኛ አገር ሐምሌ ላይ ደጅ የሚተኛ ሰው ጠዋት ሬሳው ነው የሚነሳ፤ እዚያ ግን እንግዳው ሁሉ ደጅ ተደርድሯል። የፍየል ጥብስ በልቼ ኪኒኔን ሳወጣ አዩኝ።

«ይሄ ሁሉ ለምንህ ነው?»

«ለራስ ምታት።»

«ለራስ ምታት አዋሽ መጣህ? የኔ ልጅ፣ ራሱን የሚያመው ሰው ከዚህ አገር ነው የሚሸሸው።»

ይህን ብለው አንሶላ በውሃ ነክረው ጨምቀው አመጡልኝ። እሱን ለብሼ ተኛሁ። ቶሎ ደረቀ፤ እንቅልፉም ከእሱ ጋር ሄደ።

ማክሰኞ

ጠዋት ወደ ሰመራ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቶ ጥሎኝ ሄደ። እትዬ ብዙነሽ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ ጠቅልለው እጄ ላይ አደረጉና ቁርስ ይበላ የነበረ አንድ ሹፌር ዘንድ ሄደው «ይሄን መምህር አድርስልኝ፣ ሕመምተኛ ነው» አሉት። ሐሰን ይባላል፤ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ባዶ መኪና ይዞ ወደ ጂቡቲ ይወርድ ነበር። ከጎኑ ወንበር ላይ የተጣጠፈውን ብርድ ልብስ አንስቶ ቦታ ሰጠኝ።

አዋሽ አርባን አልፈን እሾሃማው መጤ ዛፍ ግራና ቀኙን እንደ አጥር ይዞን ሄደ። ሐሰን ሲነዳ ማውራት የሚወድ ሰው ነው። ገዋኔ ስንቃረብ የአየሉን ተራራ አሳየኝና፣

«ማን ዘንድ ነው የሚሄዱት መምህር?» አለኝ።

«ወንድሜ ዘንድ። አበራ ይባላል፣ ሎግያ ነው ያለው። እሱም ሹፌር ነበር።»

ማርሽ ቀየረ። «አበራ እንባው?»

«እንዴት?»

«ሹፌሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። አንድ ዓይኑ እየቀላ ያነባ ስለነበረ።» ሌላ መኪና እስኪያልፈን ጠበቀ። «ወንድምዎ ስለሆነ ባላነሳው ይሻል ነበር።»

ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ። አበራ ከሁለት ዓመት በፊት ከነጭነቱ ሲመጣ አዳይቱ ሊገባ ሲል መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደ። አስፋልቱ ላይ ራሱን ይዞ ይዞር፣ ግንባሩን ጎማው ላይ ያጋጭ ነበር። እነ ሐሰን ከኋላ ደርሰው ቆሙ። በዚያው ሰዓት የመኪናው ባለቤት ወኪል በፒካፕ ሲያልፍ አየው፤ ሰክሯል አለ።

«ምስክር ተባልን። ሦስታችንም ጠጥቷል ብለን ፈረምን። በዚያው ተባረረ፤ ወሬው ስለተዛመተ ሌላም የሚቀጥረው ጠፋ።»

«ጠጥቶ ነበር?»

«ወላሂ አልሸተተኝም። ግን ሰው ጤነኛ ሆኖ እንዲያ ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ?» «ጠጥቶ ነበር እንዴ?» ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ።

«አልጠጣም። በሽታ ነው። እኔም አለብኝ።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ የምቆጣበት አፍ ግን አልነበረኝም። እሱ ባዕድ ሆኖ ነው የፈረመው። እኔ የአንድ እናት ልጅ ነኝ።

አዳይቱ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ ጋበዘኝ፤ ልክፈል ብል እምቢ አለ። የግመል ወተት በላስቲክ ጠርሙስ አመጡልን፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ከኛ የላም ወተት ይቀጥናል፣ ጥምን ግን ይቆርጣል። ከከተማዋ እንደወጣን ሐሰን ፍጥነቱን ቀነሰና በአገጩ ወደ መንገዱ ዳር ጠቆመኝ። ሜዳ ነው። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ሰው የሚጠለልበት ነገር የለም። ወንድሜ ያን ሕመም እዚያ ሜዳ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሰክሯል የሚሉት ሰዎች መሃል እንደቻለው አሰብኩ። እኔ ሲያመኝ ቢያንስ የምዘጋው በር ነበረኝ።

ሚሌ ኬላ ላይ ተፈትሸን አሥር ሰዓት ላይ ሎግያ ገባን። ነፋሱ አቧራ ተሸክሞ ይነፍሳል፤ ትኩስ ምድጃ ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመጣው ነው። መኪናው ማዶ ለማዶ ተኮልኩሏል። ሐሰን ቦርሳዬን አወረደልኝና «ሰላም በሉልኝ» አለ። ከዚያ እጁን አነሳ። «ወይም ይተዉት። አይበሉት።»

አበራ የሚኖረው ዘሃራ ከምትባል የባቲ ሴት ጋር ነው። ለሹፌሮች ሻይና ምግብ የምትሸጥበት ቤት አላት። በር ላይ እንዳየችኝ የያዘችውን ጆግ አስቀመጠች።

«ጋሼ ዘውዱ ነዎት?»

«እንዴት አወቅሽኝ?»

«አፍንጫችሁ አንድ ነው። ይግቡ። አሁን ነው የተወው፤ ሌላው ጊዜ ቢለያይም የዘጠኝ ሰዓቱ በየቀኑ አይቀርም።»

ጓዳው ውስጥ ምንጣፍ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ ለሕመሙ በጋለ ብረት የተተኮሰ ሦስት ጠባሳ አለበት። ፀጉሩ ከኔ ይበልጥ ሸብቷል፤ ሰባት ዓመት ታናሼ ነው።

«መምህር» አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጋሼ ነበር የሚለኝ። «እንኳን ደህና መጣህ።»

ቁጭ ብዬ ያሰብኩትን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። እኔም እንደያዘኝ፣ ስሙን እንዳወቅሁ፣ መድኃኒቱን እንዳመጣሁ። እስክጨርስ ሰማኝ።

«አንተንም ያዘህ?»

«ያዘኝ።»

«ቢይዘው ደስ ይለኛል እል ነበር» አለ። «ደስ አላለኝም።»

«ያን ቀን አላመንኩህም፣ አበራ።»

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩኮ።»

ዘሃራ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር አመጣች። ሁለታችንም ከአንድ ሳህን በላን፤ እሾሁን እየለቀመ ጥሩ ጥሩውን ወደኔ ይገፋው ነበር። ይህን ሲያደርግ ፊቴን አያይም።

ረቡዕ

ጠዋት በሚኒባስ ዱብቲ ሄድን፣ ሦስታችን። የሆስፒታሉ ኮሪደር ከደጋ መጥተው እርሻው ላይ በሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ተሞልቷል፤ ወባ የያዛቸው በጋቢ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። በዚያ ሙቀት ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ማየት ለደብረ ብርሃን ሰው ግራ ነው።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። የነርቭ ሐኪሙን ደብዳቤ ቆማ አነበበችና ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። አበራን ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ሰዓቱን ጠየቀችው። በሕይወቱ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንዳልነበረ ከአመላለሱ ያስታውቃል፤ ቀስ እያለ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ ፈተና እንደሚመልስ ተማሪ ይናገራል። ከዚያ የልብ ምርመራ ታዘዘለት። ወረቀቱን ስትመለከት ፊቷ ተለወጠ።

«ኪኒኑን ገና አልጀመሩም?»

«አልጀመረም» አልኳት። «እኔ ዘንድ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ወረቀቱን ወደኛ አዞረችው። «የልባቸው ምት የሚተላለፍበት መንገድ ዘገምተኛ ነው። ይህ ኪኒን ደግሞ ያንኑ ይበልጥ ያዘገየዋል። ለእርስዎ የሠራው እሳቸውን ሊገድላቸው ይችላል።»

«ሌላ የለም?»

«አለ። ግን ደማቸው እየታየ የሚሰጥ ስለሆነ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪም ቢይዟቸው ይሻላል። ለጊዜው መርፌውን እወጋቸዋለሁ፣ ለጥቂት ቀን የሚዋጥም እሰጣለሁ። ሲነሳባቸው ኦክስጅን ይሳቡ።»

የሦስቱ ዋነኛው ከመሃል ወጣ። እኔን ለአራት ወር ሰው ያደረገኝ ጥምረት ለወንድሜ ጎዶሎ ሆነ። አበራ ሸሚዙን አውልቆ ማጅራቱን ለመርፌው አጎነበሰ።

እዚያው ሳለን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቀኝ ዓይኑ መቅላት ሲጀምር አየሁት። ሐኪሟ አልተደናገጠችም። አስቀመጠችው፣ ጭንብሉን አጠበቀችለት፣ ኦክስጅኑን እስከ ላይ ከፈተችው። ጉልበቱን በጡጫ እየደበደበ ሳበ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ እጁ ቆመ። ጭንብሉን አውልቆ ፊቱን ዳሰሰ።

«ሄደ?» አልኩት።

«ሄደ።» ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች አየው። «ይሄ ብየዳ ቤት ያለው ነው?»

«ያኛው ለሰው አይሆንም» አለችው ሐኪሟ። «ስሙ ግን አንድ ነው።»

«አሥር ዓመት» አለ አበራ። «አሥር ዓመት በየሆስፒታሉ በር ጭነት ይዤ አልፌያለሁ።»

ከዚያ አለቀሰ። ዘሃራ ሻሿን ወደ ዓይኗ ጎትታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሐሙስ

ሐኪሟ ደውላ ስለነገረችልን ሰመራ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ባለቤት ትንሽ ሲሊንደር አዋሰን። ሰመራ ሰፊ መንገድ፣ ትልልቅ ሕንፃ፣ ጥቂት ሰው ነው፤ ደብረ ብርሃን መቶ ሰው የሚጋፋበት ያህል ቦታ ላይ እዚያ አንድ ፍየል ብቻዋን ትሄዳለች። ሰውየው የአፋር ተወላጅ ነው፤ መያዣም አልጠየቀን። «ከግማሽ በታች ነው የቀረው» አለ። «ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ነገ ሞልቶ የሚመጣ አለኝ። እሳት አጠገብ እንዳታደርጉት።»

በባጃጅ አመጣነው። ስምንት ሰዓት ላይ ዘሃራ ምድጃዋን አጠፋች። ምሳና ሻይ ብለው የመጡ ሹፌሮችን «ዛሬ እሳት የለም፣ አውፍ በሉኝ» እያለች መለሰቻቸው። በዚያ ሰዓት ነው ገበያዋ የሚደራው። ሲሊንደሩን ጓዳ አስገብተን መለኪያውን ገጠምኩ፣ ቧንቧውን አያያዝኩ፣ ጭንብሉን በእጄ ይዤ ከአበራ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚሳብ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለዘሃራ አስረዳኋት። መምህር ነኝና ማስረዳት እወዳለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የአበራ ዓይን ማንባት ጀመረ። ቫልቩን ከፈትኩ። ያን ጊዜ የገዛ ግራ ዓይኔ ጀርባ ተነካ።

ከአራት ወር በኋላ ነው። መጀመሪያ አይደለም አልኩ። ከዚያ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ አወቅሁት። ሕመሙ ጫፉ ላይ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። አበራ እጁን ወደ ጭንብሉ ዘርግቷል። ጣቶቹን አያቸዋለሁ። ጭንብሉ በእጄ ነው፤ አየሩ ሲነፍስ ይሰማኛል።

ራሴ ላይ አደረግሁት።

አስቤ ነው ወይስ ሳላስብ ነው ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። መጀመሪያ ላይ ሳላስብ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ግን አስቤ ነው። ዓይኖቼን ጨፍኜ፣ በሁለት እጄ ፊቴ ላይ ተጭኜው፣ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሳብኩ። አበራ ጥቂት ቆሞ አየኝ። አልታገለኝም። ወደ ጓሮ ወጣ። የቆርቆሮው አጥር ሲመታ እሰማው ነበር፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ እንደገና። ዘሃራ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለች ተከትላው ወጣች። እየሰማሁ ሳብኩ።

ሕመሙ ሲለቀኝ ጭንብሉን አወለቅሁ። የመለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። አበራ ፀሐዩ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት ላይ ያሻሸዋል፤ ዘሃራ በጆግ ውሃ እያፈሰሰች ጥላ ልትሆነው በላዩ ቆማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ» አለችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ለሱ ነው ያመጣሁት ብለውኝ ነበር።»

ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያ ቆሜ አየሁት። ላስነሳው ብዬ ትከሻውን ብነካው እጄን አነሳው። በቁጣ አይደለም፤ በዚያ ሕመም ውስጥ ያለ ሰው መነካት እንደማይችል ከኔ የበለጠ ማን ያውቃል?

ሕመሙ አልፎ ፊቱን ከታጠበ በኋላ ዘሃራ ምድጃዋን ለኮሰች፤ ሻይ ቀዳችልን። ብርጭቆዬን ከአበራ እኩል ሞላችው። እሱ ግንባሩ ላይ አፈርና ትንሽ ደም አለ።

«እኔም ብሆን አልሰጥህም ነበር» አለኝ።

ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። አላመንኩትም። ትናንት ዓሣውን እንዴት እንደለቀመልኝ አይቻለሁ።

ዓርብ

ጠዋት ባዶውን ሲሊንደር ለክሊኒኩ መለስኩ። ሰውየው «ደህና ሆነ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ ውሸት አልነበረም፤ ማን ደህና እንደሆነ አልጠየቀኝም። እንደ ቃሉ የሞላ ሰጠኝ። ይህኛው ትልቅ ነው፤ ሲያልቅም አምጥተው ይለውጡ አለ። ጭንብሉንና መለኪያውን ለዘሃራ ሰጠኋት፤ እንዴት እንደሚገጠም ደግሜ ላሳያት ስል «አውቄዋለሁ» አለችኝና ፊት ለፊቴ ገጠመችው፣ ፈታችው። የሁለት ወሩን ኪኒን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩ። ለሱ መርዝ ነው፤ ለኔ ይሆናል።

አበራ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ከኔ ጋር አዲስ አበባ ሐኪሙ ዘንድ እንዲሄድ ለመንኩት። «መርፌው ምን እንደሚያደርግ ልየው» አለ። ለመንገድ ብሎ የአሳይታ ቴምር በፌስታል ገዝቶልኛል። ረዳቱ መጣራት ጀመረ።

«አበራ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «የያኔውንም፣ የትናንቱንም።»

ፌስታሉን እጄ ላይ አደረገ። «መኪናው ሊሄድ ነው» አለኝ። «ግባ።»

ገባሁ።

አዋሽን በቀን አለፍኩት፤ በማግስቱ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ደረስኩ። ጣርማበር በኩል የሚወርደው ጉም አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቴ እሳት አንድዳ ጠበቀችኝ፣ ወንድምህ እንዴት ነው አለችኝ። ከስቷል አልኳት። ሐኪሙ ሕመሜ መመለሱን ሲሰማ ምክንያቱ ሙቀቱ፣ እንቅልፉና የኪኒኑ ሰዓት መዛባት ነው አለኝ። ስለ ጭንብሉ አልነገርኩትም። ወንድምህ ይምጣ፣ ልቡን የማይነካ ሌላ ጥምረት እንፈልግለታለን ብሏል።

ዘሃራ በየሳምንቱ እሑድ ትደውላለች። በቀን አምስቴ የነበረው ወደ ሁለት ወርዷል፤ ኦክስጅኑ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ ክሊኒኩም አልቆበት ሁለትና ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ስለ መሄዱ ስጠይቃት «ኢንሻአላህ» ትላለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ከድምፅዋ አውቀዋለሁ። አበራ አጠገቧ እንደሚሆን ይሰማኛል፤ ብርጭቆ ሲያስቀምጥ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ።

«እንካ አናግረው» ትለዋለች።

«ደህና ነኝ በይው» ይላል።

«ደህና ነኝ ይላል» ትለኛለች።

«እሺ፣ ሰምቻለሁ» እላታለሁ።